«ምትክ ይስጥሽ» ማለት ይገባልን?

በጎባና በሮቤ፥ በዙሪያቸውም ባለው በባሌ ደጋ ሁሉ፥ ሕፃን የሞተባት እናት ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ደጋግማ የምትሰማው ቃል አንድ ነው፤ ይኸውም «ምትክ ይስጥሽ» የሚል ነው። ቃሉን የሚናገሩት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። አብዛኞቹ የራሳቸውን ልጅ የቀበሩ፥ የጎረቤታቸው ጭንቀት የሚያስጨንቃቸው፥ እንጀራቸውን በመሶብ ይዘው በጭቃ የመጡ ደጋግ ሰዎች ናቸው። ዳሩ ግን ደግ ሰው የሚናገረው ሁሉ ደግ ነገር አይደለም። ይህ ቃል በሚገባ ሲመረመር ከማጽናናት ይልቅ ማስረሳትን፥ ከሃይማኖትም ይልቅ ልማድን የሚሰብክ ሆኖ ይገኛል።

ልማዱ እንዲህ ነው። አዋቂ ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ካህናት ፍትሐት ያደርሳሉ፤ ሠልስቱና አርባው ይታሰባል፤ ቤተ ሰቡ የቻለ እንደ ሆነ ሙት ዓመቱን ተዝካሩን ያወጣል። ሕፃን ሲሞት ግን ነገሩ ሁሉ በችኰላ ነው። ጥቂት ወንዶች በድኑን በነጠላ ጠቅልለው በክንዳቸው ታቅፈው ይሄዳሉ፤ በብዙ ስፍራም እናቲቱ ወደ መቃብሩ እንዳትሄድ ትከለከላለች፤ ሕፃኑም ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ኋላ፥ ከአጥሩ ሥር፥ ምልክት በማይደረግበት ቦታ ይቀበራል። በብዙ እድር ለሕፃን ሞት የሚሰጠው ገንዘብ ለአዋቂ ከሚሰጠው ያነሰ ነው። በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ይበተናል። ከወር በኋላ የሕፃኑን ስም የሚያነሣ ሰው ቢኖር እንደ ነውረኛ ይታያል፤ «ቍስሏን ለምን ትነካለህ?» ይባላልና።

አንባቢ በሐሳቡ ወደ አንዲት የጎባ እናት ቤት ይግባ። ወሩ ሐምሌ ነው። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች ክረምቷ አጥንት ይሰብራል፤ ከሳኔቲ አምባ የሚወርደው ጉምም ቀኑን ሙሉ ከቤቱ ክዳን ላይ አይነሣም። ልጁ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል እንበል። የአባቱን ቦቲ ጫማ አጥልቆ እየጎተተ በቤቱ ውስጥ ይዞራል፤ ዶሮዋን በስም ይጠራል፤ የራሱን ስም ግን ገና አስተካክሎ አይጠራም። ማክሰኞ ሳል ይጀምረዋል። ኀሙስ ትንፋሹ ይፈጥናል፥ የጎን አጥንቱም ወደ ውስጥ ይሰረጐዳል። ቅዳሜ ሲነጋ ቤቱ ጸጥ ይላል። እንግዲህ በዚያ ቤት ቦቲው ጫማ ከበሩ አጠገብ እንደ ተቀመጠ ነው፤ ዶሮዋም እንደ ልማዷ ወደ ጓዳ ትገባለች። «ምትክ ይስጥሽ» የሚለው ሰው ምኑን ይተካላት ዘንድ ነው የሚመኝላት? ላም ብትሞት ሌላ ላም ትገዛለች፤ ማሰሮ ቢሰበር ሌላ ማሰሮ ይገዛል። ያ ልጅ ግን ከአዳም ጀምሮ አንድ ጊዜ ብቻ የተፈጠረ ነው።

ልማዱ በዚህ አያበቃም፤ በሚቀጥለው ልጅ ላይ ይወርዳል። ከሞተው በኋላ የተወለደው ምትኩ፥ ተካ፥ ተካልኝ፥ ካሳ፥ ካሳሁን፥ ማስረሻ ይባላል። ሞት እንዳያየው ብለው የሚሰጉትም ሽሽጉ ይሉታል። እነዚህ ስሞች የተከበሩ ስሞች ናቸው፤ በእነርሱም የተጠሩ ብዙ ታላላቅ ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ ስሙን መንቀፍ አይገባም። ነገር ግን አንድ ሕፃን ገና ዓይኑን ሳይገልጥ የሌላ ሰው ዕዳ ከፋይ ሆኖ መጠራቱ ምን ያህል ሸክም እንደ ሆነ የሚያስብ ጥቂት ነው። ማስረሻ የተባለውም ቢሆን ሥራውን አይሠራም፤ እናቱ «ማስረሻ!» ብላ በጠራችው ቍጥር ልትረሳው የሚገባትን ታስታውሳለችና። ሰው ሊረሳው የማይችለውን ነገር እንዲረሳ ሲገደድ የሚያደርገው ይህን ነው፤ በግልጥ መጥራት የተከለከለውን ስም በሌላው ልጅ ስም ውስጥ ደብቆ ይጠራዋል።

ይህን ልማድ የሚደግፉ ሰዎች ከመጽሐፍ ቅዱስ ማስረጃ አላቸው። ንጉሥ ዳዊት ሕፃኑ ሲታመም ጾመ፥ በመሬትም ላይ ተኛ፤ ሕፃኑ በሞተ ጊዜ ግን ተነሥቶ ታጠበ፥ ልብሱን ለወጠ፥ እንጀራም በላ ይላሉ። እውነት ነው፤ ሁለተኛ መጽሐፈ ሳሙኤል በ12ኛው ምዕራፍ ይህን ይናገራል። ነገር ግን ጠቃሾቹ ከመጨረሱ በፊት መጽሐፉን ያጥፉታል። ዳዊት በዚያው ሰዓት ልጁ ወደ እርሱ እንደማይመለስ፥ እርሱ ግን ወደ ልጁ እንደሚሄድ ተናግሮአል፤ እንዲህ ያለውን ቃል የሚናገር ሰው ልጁን የረሳ ሰው አይደለም። ቀጥሎም ሚስቱን ቤርሳቤህን እንዳጽናናት ተጽፎአል፤ ዝም እንዳሰኛት አልተጻፈም። ከዚያም በኋላ የተወለደውን ልጅ ምትኩ አላለውም፤ ሰሎሞን አለው እንጂ።

ኢዮብንም የሚጠቅሱ አሉ፤ እግዚአብሔር ሁሉን እጥፍ አድርጎ መለሰለት ይላሉ። ይህንም ቢሆን በሚገባ መቍጠር ያስፈልጋል። ሰባት ሺህ የነበሩት በጎች ዐሥራ አራት ሺህ ሆኑ፤ ሦስት ሺህ የነበሩት ግመሎች ስድስት ሺህ ሆኑ፤ አምስት መቶ ጥማድ በሬዎች ሺህ ጥማድ፥ አምስት መቶ እንስት አህዮችም ሺህ ሆኑ። ልጆቹ ግን በፊት ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ በኋላም የተሰጡት ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ናቸው፤ እጥፍ አልሆኑም። ከተርጓሚዎች ወገን ይህን የመረመሩ ሰዎች ምክንያቱን እንዲህ ያስረዳሉ፦ በጎቹና ግመሎቹ ጠፍተው ስለ ነበር እጥፍ ሆነው ተተኩ፤ የሞቱት ልጆች ግን በእግዚአብሔር ዘንድ ስላልጠፉ ዐሥሩ በላይ፥ ዐሥሩ በታች ሆነው በአንድነት ሃያ ሆኑ። እንግዲህ በኢዮብ ቤት የሚተካው ከብት ነው፤ ልጅ አይደለም።

«አታልቅሺ» የሚለውም ቃል ከወንጌል የተወሰደ ነው ይባላል። ጌታ በናይን ከተማ ልጅዋ የሞተባትን መበለት እንዳታለቅስ አዝዞአታል። አዎን፤ ነገር ግን ወዲያው ቃሬዛውን ነክቶ ልጅዋን አስነሥቶ ሰጥቶአታል። ማስነሣት የሚችል «አታልቅሺ» ማለት ይገባዋል። ማስነሣት የማይችል ጎረቤት ይህን ቃል ከየት አምጥቶ ይናገራል? በአልዓዛር መቃብር ግን ማስነሣት የሚችለው ራሱ አልቅሶአል፤ ያውም ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ ነው።

«ሕፃን መልአክ ነው፤ ለመልአክ አይለቀስም» የሚሉም አሉ። መልካም፤ መልአክ ይሁን። ታዲያ በክርስቲያን አገር መላእክት እንደዚህ ይረሳሉን? ወር በገባ በ12 ሚካኤል፥ በ19 ገብርኤል ይታሰባል፤ ጸበል ጸዲቅ ይቀርባል፤ ማኅበር ይጠጣል። መልአክ የተባለው ሕፃን ግን ከአጥሩ ሥር ያለ ምልክት ተጥሎ፥ ስሙን መጥራት ነውር ሆኖ ይቀራል። በመልአክነቱ የሚያምኑ ከሆነ ክብሩን ያሳዩት፤ የማያምኑ ከሆነ ደግሞ በእናቲቱ አፍ ላይ መዝጊያ አድርገው አያኑሩት።

ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ልማድ ጋራ አንድ አይደለችም። ቅዱስ ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረ። ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋራ በመኰንኑ በእለእስክንድሮስ ፊት የቆመ፥ በፈላ ውኃ የተፈተነ፥ ሰማዕትነትንም የተቀበለ ነው። በስሙ ታቦት ተቀርጾለት፥ ጥር 15 ቀን ዕረፍቱ ይከበራል፤ ሐምሌ 19 ቀንም መልአኩ ገብርኤል ከእሳት ያዳነበት በዓል ሆኖ ሕዝብ እስከ ቁልቢ ድረስ ይጐርፋል። ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞችም አንዱ በዚህ በሦስት ዓመት ሕፃን ስም ይጠራል። ሄሮድስ ያስፈጃቸው የቤተ ልሔም ሕፃናትም ጥር 3 ቀን በስንክሳር ይታሰባሉ፤ ከእነርሱ ውስጥ ገና ያልተናገሩ፥ ጡት ያልተዉ ነበሩ። ወንጌላዊው ማቴዎስም ስለ እነርሱ ሲጽፍ መጽናናትን እምቢ ያለችውን የራሔልን ልቅሶ አነሣ እንጂ ራሔልን «ዝም በይ» አላላትም። የመጽሐፈ ግንዘትም ሥርዐት ለአዋቂዎች ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ለሕፃናት የተለየ ክፍል አለው። መጽሐፉ በየደብሩ አለ፤ የጐደለው የሚገልጠው እጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጕዳይ አለ፤ ሳይነካ ማለፍ ግን አይገባም። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች፤ ይህም አዳም በ40 ቀን፥ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት ገቡ ከሚለው ከመጽሐፈ ኩፋሌ ትምህርትና ከኦሪት ዘሌዋውያን ሕግ ጋራ የተያያዘ የከበረ ሥርዐት ነው። የተጠመቀው ሕፃን በዚያው ቀን ሥጋውን ደሙን ይቀበላል። ብዙ አዋቂ «አልበቃሁም» እያለ ዘመኑን ሁሉ ከቍርባን ርቆ ሲኖር፥ የ41 ቀን ልጅ ቈራቢ ሆኖ ይሞታል፤ ድንኳን የሚተከለው ግን ለዚያ ላልቈረበው ነው! ከ40 ወይም ከ80 ቀን አስቀድሞ የሞተውስ? በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በሕይወት ከሚወለዱ ከ1,000 ሕፃናት 67ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ሞተዋል፤ ከእነዚህም 29ኙ የሞቱት በመጀመሪያው ወር ነው። እንግዲህ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ከሚሞቱት ከ10ሩ 4ቱ የሚሞቱት ማንም ክርስትና ሳያነሣቸው ነው ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ለሞት የሚያሰጋ ሕፃን ቀኑን ሳይጠብቅ እንዲጠመቅ ይፈቅዳል፤ ይህን የሚያውቁ ወላጆች ግን ስንት ናቸው? በጽኑ የታመመች የ20 ቀን ልጅ ታቅፋ «ሰማንያው ይድረስ» እያለች የምትጠብቅ እናት በደሏ ምንድር ነው? ያልተነገራትን ማን ይነግራታል? ልጅዋ ሳትጠመቅ ብትሞት የነፍሷ ነገር በእግዚአብሔር ምሕረት እጅ ነው፤ እናቲቱን በሹክሹክታ መኰነን ግን ለማንም አልተፈቀደም። ከስብከተ ወንጌል ጉባኤ አንዱን ቀን ለዚህ ትምህርት ብቻ መስጠት ለካህናት የሚያስቸግር ነገር አይደለም።

ስለ አባቶችም አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። ለእናቲቱ ሦስት ቀን ልቅሶ የሚፈቅደው ልማድ ለአባት አንድ ቀንም አይፈቅድለትም። በድኑን ታቅፎ የሄደው እርሱ፥ አፈሩን የመለሰው እርሱ ሆኖ ሳለ፥ በማግስቱ ወደ ስንዴው ማሳ ወይም ወደ ሱቁ ይመለሳል፤ ቢጠየቅም «እግዜር ሰጠ፥ እግዜር ነሣ» ብሎ ወሬውን ይለውጣል። የልጁ መቃብር በትክክል የቱ ጋ እንደ ሆነ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ እርሱ ብቻ ነው። እርሱም ሲሞት ያ እውቀት አብሮት ይቀበራል።

የመቃብር ነገር ከተነሣ የኢትዮጵያ ሕዝብ ለአጥንት ግድ የሌለው ሕዝብ አይደለም። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲወሰድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረ፤ በ1872 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ። ዐፅሙ ወደ አገሩ ይመለስ ዘንድ ኢትዮጵያውያን ለምነዋል፤ የእንግሊዝም ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. የሌሎችን ዐፅም ሳያውክ ማውጣት እንደማይቻል ገልጦ እምቢ ባለ ጊዜ ብዙ ሰው አዝኖአል፥ ተቈጥቶአልም። ኀዘኑ ተገቢ ነው። ባሕር ማዶ ያለውን ብላቴና መቃብር በስም የሚያውቅ ሰው ግን በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የእኅቱ ልጅ የት እንደ ተቀበረ ቢጠየቅ መልስ ያጣል። በባሌና በአርሲ ገጠር መንገድ የሚሄድ ሰው ኦሮሞዎች ለሙታናቸው የሠሯቸውን ያጌጡ የመቃብር ሐውልቶች ከሩቅ ያያል፤ ሙታንን በድንጋይ ማሰብ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም።

የባሌ ሰው መቍጠርንም ያውቃል። በሳኔቲ አምባ፥ ከ4,000 ሜትር ከፍታ በላይ በቱሉ ዲምቱ ግርጌ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት የቀረ አውሬ ስለ ሆነ፥ መንጋው በየጊዜው ይቈጠራል፤ ስንት ቡችላ እንደ ተወለደ፥ ስንቱ እንደ ሞተ፥ በምን እንደ ሞተ ይጻፋል። ተራራውም ራሱ በ2016 ዓ.ም. በመስከረም ወር ከዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶአል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ የሚነቅፈው የለም። ነገር ግን የቀበሮው ቡችላ በሚጻፍበት ደጋ የሰው ልጅ ተወልዶ ሲሞት ሳይጻፍ ማለፉ ምን ይባላል? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቍጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶአል፤ ምዝገባውም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሩ ሁሉ ተጀምሮአል። በሕጉ መሠረት የሕፃን ልደትም ሞትም የሚመዘገብ ነው። ወላጆች ግን «ለሞተ ልጅ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ብለው ይተዉታል። ሰዎቹ የሚፈልጉት ወረቀት ለትምህርት ቤትና ለፓስፖርት ነውና፥ ሕፃኑ ደግሞ ወደ ሁለቱም አይሄድም።

ወረቀቱ ምን እንዳደረገ ግን ቍጥሩ ይናገራል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት በሕይወት ከተወለዱት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ይኸውም ከስድስት አንዱ ማለት ነው። በ16 ዓመት ውስጥ ከዐሥራ አምስት አንድ ወደ መሆን ወርዶአል። ይህ የሆነው የሞቱት ስለ ተቈጠሩና የሞቱበት ምክንያት ስለ ተጠየቀ ጭምር ነው። ሕፃናትን በብዛት ከሚገድሉት አንዱ የሳምባ ምች መሆኑ ታውቆ መከላከያው ክትባት በ2004 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ሕፃናት መሰጠት ጀመረ። «እግዜር ወሰደው» ብሎ ዝም ያለ ሰፈር ግን ትንፋሹ የፈጠነ፥ የጎን አጥንቱም የሚሰረጐድ ሕፃን ሌሊቱ ሳይነጋ ወደ ሐኪም መወሰድ እንዳለበት ከቀበረው ልጅ አልተማረም፤ በሚቀጥለውም ሐምሌ ሌላ ይቀብራል።

ከዚህ በኋላ «ለሕፃን ተዝካር ይውጣ ነው የምትሉት?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ተዝካር ለአዋቂውም ቢሆን ስንቱን ቤት በዕዳ እንዳራቈተ የታወቀ ነው፤ በሬ ይታረድ፥ ጠላ ይጠመቅ የሚል የለም። የሚፈለገው ገንዘብ የማያስወጣ ነው። ሕፃኑ የክርስትና ስም አለው፤ ወልደ እገሌ ወይም ወለተ እገሌ ተብሎአል፤ ያን ስም እናቲቱ ብቻ ሳትሆን ወንድሞቹና እኅቶቹ ይወቁት፤ ካህኑም በጸሎት ጊዜ እንዲያነሣው ይሰጠው። በመቃብሩ ላይ ከሻያ ወንዝ ዳር የተለቀመ አንድ ድንጋይ ይቀመጥ። በሞተበት ቀን አንድ ጧፍ ይብራ፤ ለአንድ ድኻ ልጅ አንድ እንጀራ ይሰጥ። ጎረቤትም ሲመጣ «ምትክ ይስጥሽ» ከማለት ይልቅ «ስሙ ማን ነበር? ምን ምን ይል ነበር?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከዚያም በኋላ ዝም ብሎ ይስማ። በጎባና በሮቤ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ አጥር ተዋስነው ስለሚኖሩ፥ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ የአንድ ሃይማኖት ሰው መሆንም አያስፈልግም።

ያን ጥያቄ የሚጠይቁ ሰዎች መኖራቸውም አይካድም። ከላይ በተጠቀሰው የጤና ጥናት መዝገብ ይዘው ቤት ለቤት የሚሄዱት ሴቶች ለእናቶች የሚያቀርቡት ጥያቄ በሕይወት ስላሉት ልጆች ብቻ አይደለም። ተወልዶ አልቅሶ፥ ወይም ትንፋሽ አሳይቶ፥ ጥቂት ሰዓት ወይም ጥቂት ቀን ብቻ ኖሮ የሞተ ልጅ እንዳለ ለይተው ይጠይቃሉ። ከዚያም የወለደቻቸውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምረው በየመስመሩ ይጽፋሉ፤ በመጀመሪያ ስሙ፥ ቀጥሎ የተወለደበት ወርና ዓመት፥ ቀጥሎ በሕይወት መኖሩ፥ ከሞተም በስንት ጊዜው እንደ ሞተ። ሰፈሩ ሁሉ ስንት ልጅ እንዳላት ሲጠይቃት «ሁለት» እያለች የኖረች እናት በዚያን ቀን ሦስት መስመር ታስጽፋለች። ጠያቂዋም ብዕሯን እንደ ያዘች ከሁለተኛው መስመር ላይ ትጠብቃለች፤ የስሙ ቦታ ባዶ እንዳይሆን ታዝዛለችና።